ዝም ያለ ደንበኛ

በ1998 ዓ.ም. ሰቆጣ ላይ ኢሜይል የሚልክ ቢሮ በአንድ እጅ ጣት ይቆጠር ነበር። ኢሜይሉ የሰው እጅ ሳይነካው፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጠብቆ በራሱ እንዲሄድ ያደረገች ግን አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። አስረኛ ክፍል ላይ «ነጥብሽ አልመጣም» ብለው የሸኙኝ መምህራን በኋላ ማመልከቻ ለማስተየብ በሬ ላይ ሲሰለፉ፣ ወረቀታቸውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ «ይሄም ነጥብ ይጎድለዋል» እላቸው ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ያን ጊዜ ግን ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ቢሮው የውኃ ፕሮጀክት ነበር፤ ድርቅ ለጠናባቸው ቀበሌዎች ውኃ በቦቴ ያመላልሳል። ሁለት ክፍል ቤት፣ ጣሪያው ላይ ቁራ የማይለየው ትልቅ ዲሽ። በአንደኛው ክፍል እኔና ኮምፒውተሬ፣ በሁለተኛው ጋሽ ዓለምብርሃንና የመገናኛ ሬዲዮአቸው። በመካከላችን መጋረጃ እንጂ በር አልነበረም። አሁን ወልድያ ላይ ተቀምጬ፣ ሰኞ ጠዋት በሆነ ቁጥር ጆሮዬ የሚፈልገው ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ይመጣ የነበረውን ድምፅ ነው።

«ሰቆጣ ሰቆጣ፣ ግራር ውኃ ይሰማል?»

ክርርርር።

«ሰቆጣ ሰቆጣ፣ ግራር ውኃ ይሰማል?»

«ይሰማል ጋሼ! እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። በል ተናገር፤ ከሰው ቁጥር ጀምር።»

ሁልጊዜ ከሰው ቁጥር ነበር የሚያስጀምሩት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ መጠለያ ውስጥ ስም መዝጋቢ ነበሩ፤ ልማዱ ከዚያ የመጣ ነው። መጀመሪያ ቀበሌው ውስጥ ስንት ቤተሰብ አለ፣ ቀጥሎ ስንቱ ውኃ አጣ፣ ከዚያ ከብቱ፣ መጨረሻ ላይ ኩሬው። የሰሙትን በረጅሙ መዝገባቸው ላይ ይጽፋሉ፣ ለእኔ ያነቡልኛል፣ እኔ ተይቤ አዲስ አበባ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት እልካለሁ። እዚያ ሰኞ ቀትር ላይ ቦቴ ይመደባል። ሪፖርቱ ላይ ውኃ ያልጠየቀ ቀበሌ ሳምንቱን ሙሉ ቦቴ አያይም።

ጣጣው፣ ጋሽ ዓለምብርሃን ሳይሰሙ አያስልኩም። አንድ ቀበሌ ዝም ካለ ሪፖርቱን አቆይተው ደግመው ደጋግመው ይጠራሉ። ካልሆነ ባርኔጣቸውን አድርገው ገበያ ይወጣሉ፤ ከዚያ አገር የመጣ ሰው ፈልገው ይጠይቃሉ። ሰውም ካጡ ይመለሱና «ጻፊ ሰርኬ» ይሉኛል፤ «ግራር ውኃ፦ አልሰማንም።»

«ጋሼ፣ እዚህ ቦታ ላይ ቁጥር ነው የሚገባው።»

«ቁጥር ከየት ልውለድልሽ? አልሰማንም እኮ ነው የምልሽ!»

ወዲያው ከአዲስ አበባ ይደወላል። «‹አልሰማንም› ስንት ነው?» ይላሉ። ኃላፊያችን አቶ ዘመነ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ይዘው ይቅርታ ይጠይቃሉ። ሪፖርታችን ከዞኖች ሁሉ የመጨረሻው ነበር። እኔ ደግሞ በምንም ነገር መጨረሻ መሆን አልወድም።

በዚያው ዓመት ዋና መሥሪያ ቤቱ አንድ ፕሮግራም በሲዲ ላከልን። በልገሳ የተገኘ ነው አሉ። ከፍተን ስናየው የጅምላ ነጋዴ ሶፍትዌር ሆኖ ተገኘ፤ ሳሙናና ዘይት ለሚያከፋፍል ሰው የተሠራ። ደንበኛ፣ ትእዛዝ፣ ዕቃ፣ ማድረሻ ቀን። አቶ ዘመነ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እኛ ምን ልንሸጥ ነው፣ አቧራ?»

እኔ አልሳቅሁም። ከሲዲው ጋር የመጣውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቤቴ ወሰድኩት፤ እንደ ጡብ የከበደ ነው። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ፣ በቀን አራት አምስት ገጽ እየገፋሁ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ የጀመርኩትን ለፋሲካ ጨረስኩ። ገብቶኝ ነበር። ነጋዴው «ደንበኛ» ያለውን እኔ «ቀበሌ» አደረግሁት። «ትእዛዝ» የቦቴ ጥያቄ ሆነ። «ዕቃ» ውኃ ሆነ። ከመጽሐፉ መገባደጃ አካባቢ ደግሞ ልቤን የሰረቀችው ገጽ ተገኘች፦ የትኛው ሪፖርት፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ለማን እንደሚላክ አንድ ጊዜ ከነገርሽው ፕሮግራሙ ከዚያ በኋላ በራሱ ይልካል። የቀን ዝርዝሩ ውስጥ ሰኞን መረጥኩ። በእኛ ሁለት ሰዓት፣ በእሱ ስምንት። ተቀባዮቹን አስገባሁ፤ መጨረሻ ላይ የራሴን አድራሻ ጨመርኩ። ሥራዬን እኔም ልየው እንጂ።

ከዚያ ወዲያ የመስክ ሠራተኞች ሳምንቱን ሙሉ በተመቻቸው ቀን በሬዲዮ ይናገራሉ፣ እኔ እንደመጣልኝ አስገባለሁ፣ ሰኞ ሁለት ሰዓት ሲሆን ያለው ይሄዳል። መጋረጃውን ገልጬ ለጋሽ ዓለምብርሃን አበሠርኳቸው።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ መጠበቅ ቀረ።»

«ማን ነው የማይጠብቀው?»

«ኮምፒውተሯ።»

«ዝም ያለውንስ ማን ይጠይቀዋል?»

«ዝም ያለማ አልፈለገም ማለት ነው፣ ጋሼ። ውኃ የጠማው ሰው ይጮኻል።»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠራረጉት፣ መልሰው አደረጉት። «የጠማው ሰው ይጮኻል» ብለው ቃሌን ደገሙት። መዝገቡን ዘግተው ከሬዲዮው ሥር አስቀመጡት። እኔ ያሸነፍኩ መስሎኝ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

የመጀመሪያው ሰኞ፣ ኮምፒውተሯ ሁለት ሰዓት ላይ ትንሽ አጉረመረመችና ላከችው። እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ አየሁ። ከአዲስ አበባ የምስጋና መልእክት መጣ፦ ሰቆጣ ከሁሉም ቀድማ ላከች። በሁለተኛው ሰኞም እንዲሁ። በሦስተኛው ሳምንት አቶ ዘመነ ደብዳቤ ይዘው እየተፍነከነኩ ገቡ። «ሰርካለም፣ አዲስ አበባ ልትሄጂ ነው! የሌሎቹን ቅርንጫፎች ጸሐፊዎች አሠልጥኚ ብለውሻል። አንቺ! ዲግሪ ያላቸውን!»

ያን ዕለት ከመሬት ከፍ ብዬ ነበር የምሄደው። ምን እንደምለብስ እንኳ ወስኜ ነበር።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ጋሽ ዓለምብርሃን ባርኔጣቸውን አድርገው መጋረጃውን ገለጡ።

«ወንዳወቅ ድምፁ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው።»

ወንዳወቅ የግራር ውኃ የመስክ ሠራተኛችን ነው። ግራር ውኃ ዝቋላ ወረዳ ውስጥ፣ ከጽጽቃ ከተማ አልፎ ቁልቁል የሚኬድባት ቀበሌ ናት።

«የሬዲዮው ባትሪ ይሆናላ፣ ጋሼ።»

«ሪፖርትሽ ስለ ግራር ውኃ ምን ይላል?»

ከፍቼ አየሁ። «ዜሮ።»

«ሦስቱም ሰኞ?»

«ሦስቱም። ትእዛዝ የለም ማለት ነው።»

«ቦቴስ?»

«ላልታዘዘማ አይመደብም።»

ዱላቸውን አነሡ። «ነይ፣ ተነሺ። ፍየል ተራ እንሂድ።»

«ፍየል ልንገዛ ነው?»

«ሪፖርት ልናነብ ነው» አሉኝ።

ፍየል ተራው ከገበያው ጫፍ፣ ከቁልቁለቱ ላይ ነው። ጋሽ ዓለምብርሃን ሻጮቹን አላዩም፤ የሚያዩት ፍየሎቹን ነበር። በዱላቸው እያመለከቱ ያሳዩኝ ጀመር። «ይሄ ወጠጤ ነው፤ ሰውየው ለልብስ ወይም ለድግስ ያወጣው ነው፤ ደኅና ነው። ያቺም መካን ናት፤ ደኅና ነው። እስኪ ያቺን እያት።» ጡቷ የተንጠለጠለ፣ ገና ያልነጠፈች ፍየል፤ አጠገቧ ሌላ እንደሷ ያለች። «ለልጅ ወተት የምትታለበውን ፍየል ገበያ የሚያወጣ ሰው ቤቱ ምን እንደሆነ ልንገርሽ ወይስ ታነቢዋለሽ?»

ሁለቱን ፍየሎች በአንድ ገመድ የያዘችው ሴት እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ነበር። ጋሽ ዓለምብርሃን በአገሩ አገውኛ፣ በኽምጥኛ፣ አናገሯት። እኔ ኽምጥኛ የምሰማው ሰላምታውን ብቻ ስለሆነ «ግራር ውኃ» የሚለውን ለይቼ ቆምኩ። ሴትዮዋ ውዴ ትባላለች። እኔን ከላይ እስከታች አየችኝና ወደ አማርኛ ዞረች።

«ይቺ ናት የቦቴዋ ጸሐፊ?»

«ነኝ» አልኩ።

«ቦቴው ወዴት ሄደ? መንገዱን ስናይ ዓይናችን ፈሰሰ።»

«ለምን በሬዲዮ አልነገራችሁንም?»

«ባትሪው ሞተ! ባትሪውን ለማስሞላት ጽጽቃ ጄኔሬተር ያለው ሰው ዘንድ በአህያ ይወጣል። አህያው የት አለ? ኩሬው ሲደርቅ አህያ የተባለ ሁሉ ተከዜ ወርዶ ውኃ ያመላልሳል። ሄዶ መምጫው ሁለት ቀን ነው። ወንዳወቅ ባትሪውን በትከሻው ይውጣ? ከሕፃንና ከአሮጊት ጋር ያለው ወንድ እሱ ብቻ ነው።»

ድምፃቸው የጠፋው ውኃቸው ስለጠፋ ነበር። ይበልጥ በጠማቸው ቁጥር ይበልጥ ዝም ይላሉ፤ ይበልጥ ዝም ባሉ ቁጥር የእኔ ኮምፒውተር ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ «አልፈለጉም» ትልላቸዋለች።

ውዴ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሷ ፈታችና የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «‹ለሬዲዮው ሽማግሌ ስጪ› ብሎኛል ወንዳወቅ።» ጋሽ ዓለምብርሃን ተቀብለው ለእኔ አቀበሉኝ። በእርሳስ የተጻፈ ነው። «214 ቤተሰብ። ውኃ ያጣ 214። ከብት የተረፈው ተከዜ ወርዷል። ኩሬው ደርቋል። ጋሼ፣ ይሰማል?»

«ማሽን ገዛችሁ አሉ» አለች ውዴ። «እኛን ስንት አለን ማሽኑ?»

መዋሸት እችል ነበር። «ዜሮ» አልኳት።

«ዜሮ ስንት ጀሪካን ነው?»

ከገበያተኛው አንዱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እውነቷን ነበር የጠየቀችኝ።

ቢሮ ስንደርስ እያለከለክሁ ወደ አዲስ አበባ ደወልኩ። ቦቴ የሚመድበው ሰውዬ ትሑት ነበር፤ ትሕትናው ነው የገደለኝ። «እህቴ፣ ሪፖርታችሁ ዜሮ ይላል። የእናንተ ሪፖርት ደግሞ ተሳስቶ አያውቅም። የሚቀጥለው ሰኞ አስተካክሉትና እናያለን።» ሰኞ ገና አምስት ቀን ነበረው።

አቶ ዘመነ ሲሰሙ የውጭውን በር ዘጉ። «ተረጋጊ። ‹አዲስ ችግር ተፈጠረ› ብለሽ ጻፊ። ዛሬ የደረቀ ኩሬ። የድሮውን ሪፖርት አትንኪ። ‹ሦስት ሳምንት የላክነው ስህተት ነው› ካልሽ ሥልጠናውም ቀረ፣ አንቺም ቀረሽ፣ እኔም የማሽኑን ነገር ለሰው መናገር አፈርኩ።»

«ዛሬ የደረቀ ኩሬ ካልን ተራ ጠብቁ ይሉናል፣ አቶ ዘመነ። ሦስት ሳምንት የደረቀ መሆኑን ካላወቁ ማን ይሯሯጣል?»

«ያንቺን ነገር ነው የማስብልሽ፣ ልጄ።»

ይህን ሲሉ ከልባቸው ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ያቺን ሥልጠና እንዴት እንደፈለግኋት እኔ ነኝ የማውቀው። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ፊት ቆሜ፣ አስረኛ ክፍል የቀረሁት እኔ፣ «ገጽ ሁለት መቶ አሥርን ግለጡ» ልላቸው ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ጋሽ ዓለምብርሃን ሬዲዮውን ከፍተው መጥራት ጀመሩ። ማንም እንደማይመልስላቸው ያውቃሉ። «ሰቆጣ ሰቆጣ፣ ግራር ውኃ ይሰማል?» ክርርርር።

የሰኞው ሪፖርት ለሚደርሳቸው ሁሉ፣ ከትልቁ ኃላፊ እስከ ዕቃ ቤቱ፣ ጻፍኩ። ምንም አላሳመርኩትም።

«ሦስት ሰኞ ስለ ግራር ውኃ ዜሮ ብለን የላክነው ውሸት ነው። አልጠየቁም አልን እንጂ አልሰማናቸውም ነበር። ፕሮግራሙን ለነጋዴ ከተሠራበት ሳስተካክል፣ ያላዘዘ ደንበኛ ያልፈለገ ደንበኛ ነው የሚለውን የነጋዴ ሐሳብ ሳላወጣው ቀረሁ። ስህተቱ የእኔ ነው። 214 ቤተሰብ፣ ውኃ ያጣ 214። ቦቴ ዛሬ ይነሣ። ሰርካለም፣ ሰቆጣ።»

ላክሁት። ይሄኛውን በእጄ።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ለሌላ ወረዳ ተጭኖ የነበረ ቦቴ መንገድ ላይ አቅጣጫ እንዲቀይር ታዟል። በማግስቱ ሰቆጣ ሲደርስ እኔም ጋቢና ገብቼ ወረድኩ፤ ማንም ሂጂ አላለኝም፣ ማንም ቅሪ አላለኝም። ግራር ውኃ ስንደርስ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ከመንገዱ ዳር አሰልፈውት ነበር፤ ቢጫው ሁሉ በአቧራ ግራጫ ሆኖ። ወንዳወቅ ከሞተው ባትሪ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። «ጋሼ ደኅና ናቸው?» ነው ያለኝ መጀመሪያ። ባትሪውን ጫንነው። ውዴም ከገበያ ተመልሳ ነበር። ፍየሎቹ ግን አልተመለሱም። ልጇ ባዶውን የፍየል ገመድ ይዞ ሲጫወት አይቼ ፊቴን አዞርኩ።

ሥልጠናው እንደተባለው ቀረ። መጽሐፉን እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ባዶ ቦታንና ዜሮን ለይቶ ማየት የሚባል ነገር የትም አልተጻፈም፤ ስፈትሽ፣ ስሳሳት፣ ሳበላሽ፣ ሁለት ወር ፈጀብኝ። በመጨረሻ ሪፖርቱ እንዲህ ሆነ፦ ሰኞ ሁለት ሰዓት ሲደርስ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ዝም ያሉትን ይፈልጋል፤ ከሁሉም በላይ፣ ከጠየቁትም አስቀድሞ ስማቸውን ይደረድራል፤ ከስማቸው ፊት ለፊት በቀይ «አልሰማንም» ይላል። ወዲያው ደግሞ እዚያው ሰቆጣ ኮምፒውተሯ ትጮኻለች፣ ገበያ የሚወጣው ሰው ባርኔጣውን እንዲያነሣ።

አትሜ ለጋሽ ዓለምብርሃን ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አርቀው፣ አቅርበው አነበቡ። ቃላቸው ከላይ ተቀምጧል።

«ፊደሉ አነሰ» አሉኝ። አሳደግሁት።

በ2000 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ ተዘጋ። ቤቱና ዲሹ ለሌላ ፕሮጀክት ተላለፉ፤ ጋሽ ዓለምብርሃን የቤቱ ጠባቂ ሆነው ቀሩ፤ እኔ ወልድያ ሥራ አግኝቼ ሄድኩ። የእኔ ኮምፒውተር አሮጌ ናት ተብላ ጥግ ላይ ተረሳች። ተረሳች ያሉት ሌሎቹ ናቸው። በመጀመሪያው ሰኞ ወልድያ ላይ ኢሜይሌን ስከፍት ሪፖርቱ ደርሶ ጠበቀኝ። ቁጥር የሚያስገባ ሰው የለምና ዝርዝሩ ከላይ እስከታች አንድ ዓይነት ነው። ጽጽቃ፦ አልሰማንም። ግራር ውኃ፦ አልሰማንም። ሁሉም፦ አልሰማንም። በሚቀጥለው ሰኞም መጣ። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰው ኮምፒውተሯን ያበራታል ማለት ነው። ማን እንደሆነ ይጠፋኛል? ፈገግ ብዬ አነበዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ፣ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። አንድ ዓመት ከምናምን እንዲህ ሄደ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ሰኞ ሳይመጣ ቀረ። መብራት ሄዶ ይሆናል አልኩ። በሁለተኛውም ቀረ። የቤቱ ስልክ አይነሣም። ሦስተኛው ሰኞ ላይ ባዶውን ስክሪን እያየሁ ስንት ሰኞ እንደሆነ ቆጠርኩ፤ ሦስት። ከሦስት ሰኞ ጋር የቆየ ሒሳብ አለኝ። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ የሰቆጣን አውቶቡስ ያዝኩ።

ግቢው በር ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ ደኅና ናቸው ግን።

«ጋሼ! ኮምፒውተሯ ምን ሆነች?»

«አይጥ ገመዷን በላው። ስልኩንም ጨምሮ። እንዴት ሰነበቱ ማለት ቀረ ወልድያ?»

«ታዲያ እንዴት አልነገሩኝም? ሰው ቢልኩብኝ ምን ነበረበት? እኔ እዚያ...»

«ግቢና ከሬዲዮው ጠረጴዛ ሥር ያለውን መዝገብ አምጪ።»

አመጣሁት። ያው የድሮው ረጅሙ መዝገብ ነው። የመጨረሻዎቹን ገጾች ገለጡልኝ። በእያንዳንዱ ሰኞ ቀን ሥር የቀበሌዎቹ ስም በጥቁር ተደርድሯል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ መስመር በቀይ። ሰርካለም፣ ወልድያ፦ አልሰማንም። ገለጥኩ። ሰርካለም፣ ወልድያ፦ አልሰማንም። ከስልሳ ሰኞ በላይ ነው።

«ሪፖርቱ እኮ ይደርሰኝ ነበር ጋሼ» አልኩ። «በየሰኞው አነበው ነበር።»

«መልስ የማይሰጥ ደንበኛ ምን ተብሎ ይጻፍ ታዲያ? ዜሮ?»

መዝገቡን መለስኩላቸው። አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ በእጃቸው ጠረጉና ተቀመጪ አሉኝ። ቦርሳዬን አወረድኩ። ባርኔጣቸውን አነሡ፣ አደረጉ፤ መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፤ ከኪሳቸው ጥቁሩን እስክሪብቶ አወጡ። ከዚያ ፊት ለፊቴ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን ያን ጊዜ እንደሚያደርጉት ከፍ አደረጉት።

«ሰቆጣ ሰቆጣ፣ ወልድያ ይሰማል?»

«ይሰማል ጋሼ» አልኩ።

«በይ ተናገሪ። ከሰው ቁጥር ጀምሪ።»